ስለ መለከቱ ከልብ እናመሰግናለን

ይድረስ፦ «ጉም ያለበት አገር» የተባለውን ጨዋታ ለሚያዘጋጀው ድርጅት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎንም፣ ባልደረቦችዎንም፣ መላ ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ፣ ቢሮዎ ጸጥ ያለ፣ ስልክዎም ዝም ያለ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ለአንድ ሰው ከጤና ቀጥሎ ዝም ያለ ስልክን የሚያህል በረከት እንደሌለ ያስተማረኝ የእርስዎ ድርጅት ስለሆነ፣ ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከዚህ በፊት በግል ጽፌልዎ ነበር። መልሱ የደረሰኝ ደብዳቤዬን አንብቦ መጨረስ በማይቻልበት ፍጥነት ነው፤ ይህም የድርጅትዎን ቅልጥፍና ይመሰክራል። ይሁንና መልሱና ጥያቄዬ ፈጽሞ ስላልተዋወቁ፣ አሁን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ብጽፍ ምናልባት አንዱ አንብቦ ይነግርዎት ይሆናል ብዬ ይህን መንገድ መርጫለሁ።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቫርኒሽ የምቀባ ሴት ነኝ። አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም፣ ጠረጴዛውም ከመጋዝ ወጥቶ፣ በመላጊያ ማሽን ተልጎና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ቤት ባለመጋዝ ነው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ጋሼ ሚሊሜትር ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ሠራተኞቹ ነን፤ አንድ መሳቢያ በሚሊሜትር ከጠበበ ወይም ከሰፋ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩ ይውላሉና። ስሙን ያውቁታል፤ ደስ ያላቸው ቀን ራሳቸውም ይጠሩበታል። ጨዋታ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም። ይህን ከወዲሁ ያስታወስኩዎት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከምስጋናው ልጀምር፤ የሚገባን ነገር መንፈግ ነውር ነውና።

እኔና ወንድሜ አባታችን በታመመበት ወቅት «ማን ይበልጥ ደከመለት» በሚል ነገር ተቀያይመን ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላም በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠራን የምንለዋወጠው ቃል «ደርቋል?» እና «አልደረቀም» ብቻ ነበር። የወንድሜ ሚስት ይህ ነገር ሆዷን ሲበላት ከርሞ፣ አንድ እሑድ ልጃቸውን እንዳይ ብላ ቤታቸው ጠራችኝ። ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የእርስዎን ጨዋታ ይጫወታል። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ግን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። እኔም የምሄድበት ስላልነበረኝ አነሣሁት። ትንሽ እንደቆየን፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሳያነሣ «ከኋላሽ ተኩላ አለ» አለኝ። ከዓመት በላይ ከተኳረፍን በኋላ ወንድሜ ከአፉ ያወጣልኝ የመጀመሪያው የወንድም ቃል ይህ ነበር። ለዚያች ዓረፍተ ነገር ሲባል ጨዋታዎ ብዙ ይቅር ሊባልለት ይገባል፤ እኔም ብዙ ይቅር ብዬለታለሁ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ የጨዋታ ቀን ሆነ። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ መንደር ሠራን። እሱ አጥሩን ሲያጥር እኔ መድኃኒት ቅጠል እለቅማለሁ፤ እሱ ዘብ ሲቆም እኔ ከመንገደኞች ጋር አወራለሁ። ሰዎች እየመጡ ሰፈሩልን። ከሁሉም የምንወዳት ፋኖስ የምታበራዋ አሮጊት ነበረች። ቀኑ ሲመሽ በየደጁ እየዞረች ፋኖስ ትለኩሳለች፤ በአጠገቧ ስናልፍም ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራናለች። ወንድሜ አንድ ቀን እየሳቀ፣ ድምጿ አባታችን ጫማውን ሲያወልቅ የሚያሰማውን ማቃሰት እንደሚመስል ነገረኝ። ስለ አባታችን ሳንጣላ ያወራነው በእሷ ሰበብ ነው።

የእንጨት ሰው እንደመሆኔም፣ በጨዋታዎ ውስጥ ያሉትን በሮች ስመለከት የእንጨቱ ጅማት የተሳለበትን ጥንቃቄ አድንቄ አልጠግብም። ሠዓሊው እንጨት የሚወድ ሰው ነው፤ ደመወዙ እንዲጨመርለት ሐሳብ አቀርባለሁ። ዝናብ በሣር ክዳን ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅም እንዲሁ የሚያስመሰግን ነው።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ የሥራ ጊዜዎን እንዳልሻማ በመስጋት፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፦ የዚያ አገር ሣጥኖች ማጠፊያ በሙሉ የተገጠመው ክዳኑ በሚከፈትበት ጎን ነው። እንዲህ የተገጠመ ሣጥን በእኛ ቤት ቢገኝ ጋሼ ሚሊሜትር የሠራውን ሰው ከነሣጥኑ ያስወጡት ነበር። የምንጋልበው ፈረስም በር ሲያይ ይገባና መቃኑ ላይ ተቀርቅሮ እግሩን በአየር ላይ ሲያወራጭ ይውላል። ለዚህ ቂም የለኝም፤ ስቀንበታል።

ሁለተኛ፦ ሰይፍ ሻጩ ስንት ጊዜ ብናናግረው «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉሙም ቅርብ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አያውቅም። ሰይፉ ደግሞ ተኩላውን ሲመታ በጭስ ውስጥ እንዳለፈ ያህል ነው፤ ተኩላውም አይሰማውም፣ ሰይፉም አያፍርም። እነዚህንም እንደ ቀላል ነገር አይቼ አልፌያቸው ነበር።

ሦስተኛ፦ መለከቱ።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋታዎ ለወራት ያህል ሰው ሲፈልገው የሚከፍተው፣ ሲበቃው የሚዘጋው ነገር ነበር። ከዚያ ድርጅትዎ «ታላቅ ማሻሻያ» ብሎ መለከቱን አመጣልን። ነገሩ እንዴት እንደሆነ እርስዎ ቢያውቁትም፣ ሌላ አንባቢ እንዲገባው ልግለጽ። ከማሻሻያው በኋላ ጨዋታው ሲዘጋም አገሩ አይዘጋም። ተጫዋቹ ሥራ ላይም ሆነ ምግብ ላይ ሳለ ጉሙ ወደ መንደሩ መገስገሱን ይቀጥላል። ሲቃረብ ከጨዋታው ጋር በተገናኘው ስልኩ መለከት ይነፋል። ስልኩን ከፍቶ ችቦ ያልለኮሰ ሰው፣ ከመንደሩ ነዋሪዎች አንዱን ያጣል። የሚጠፋው ሰው አይሞትም፤ ብድግ ብሎ በበሩ ወጥቶ ወደ ጉሙ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ቆሞም ፊቱን አዙሮ የተጫዋቹን ስም ይጠራል። ይህንን ሁሉ በገዛ ቋንቋችን ስላደረጋችሁልንም ልዩ ምስጋና ይድረሳችሁ፤ ጥሪው በባዕድ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልብ አንለው ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ፋኖስ አብሪዋ ናት። ወንድሜ መለከቱን የሰማው ልጁን እያጠበ ሳለ ነው፤ እጁን አድርቆ እስኪደርስ ሴትዮዋ ከጉሙ ጫፍ ላይ ቆማለች። ስሙን ጠርታ «ለምን ቆየህ?» አለችው፣ ከዚያ ጉሙ ውጧት ነጭ ሆነች። በነጋታው ሥራ ቤት ይህን ሲነግረኝ እየቀለደ ለመናገር ሞክሮ ነበር። ቀልዱ ግን አልወጣለትም፤ መሃል ላይ ትቶት መጋዙን አስነሣው። በሚቀጥለው እሑድ መንደራችንን ስናይ የሚያበራላት ሰው ስለሌለ ጨለማ ነበረች፣ እኛም ያን ቀን ብዙ ሳናወራ ተለያየን።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ስልኩን ከደረት ኪሱ መለየት አቆመ። ምግብ ላይ ተቀምጦ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው። ሚስቱ ነገር ጀምራ ፊቱን ስታይ ትተወዋለች። ልጃቸው ገና ዓረፍተ ነገር አስተካክላ መናገር አልጀመረችም፤ ነገር ግን አባቷ ከሌላ ክፍል እንዲመጣላት ስትፈልግ ከንፈሯን አሹላ እንደ መለከቱ ትነፋለች። እሱም እየሮጠ ይመጣል። እናቷ መጀመሪያ ሰሞን ስትስቅ ነበር፤ በኋላ ግን ልጅቷ ያን ድምፅ ስታወጣ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች።

አንድ ቀን ደግሞ ልጅቷን ለክትባት ክሊኒክ ይዘዋት ሄደው፣ ወረፋ ሲጠብቁ መለከቱ ተነፋ። የተነፋው በወንድሜ ስልክ ብቻ አልነበረም። የማይተዋወቁ ወንዶች ከየወንበራቸው እኩል ተነሡ፤ አንዱ ክንዱ ላይ ጥጥ እንደያዘ ነው። ተያዩና እንደ ማፈር ብለው፣ እየተከታተሉ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የወንድሜ ሚስት ይህን ስታወራልኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ «እሳት ነው ብዬ ሕፃኗን ልይዝ ነበር» አለችኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታውን መክፈት አስጠላኝ። የእሑዱን ግን ስለ ወንድሜ ስል አልተውኩም።

መለከቱ ሥራ ቤታችን መድረሱም አልቀረም። ከወንድሜ ሌላ መላጊያው ላይ የሚሠራው ባልደረባችንም ተጫዋች ነው። መለከቱ ሲነፋ ሁለቱ እኩል ዞር ሲሉ ጋሼ ሚሊሜትር አዩ። ማሽን ባለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም ነበርና፣ ሁላችንንም ሰብስበው ከዛሬ ጀምሮ ስልክ ድምፁ ሳይዘጋ ማሽን አጠገብ እንዳይደርስ አዘዙ። ወንድሜ በፊታቸው ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ዘጋ። በየቀኑም ቱታውን ሲለብስ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ እየዘጋ ለጋሼ ያሳያቸዋል፣ እርሳቸውም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

በግል የጻፍኩልዎ በዚህ ጊዜ ነው። መለከቱ ሠራተኛ ሰው ላይ ያለውን አደጋ ዘርዝሬ፣ ቢቻል ተጫዋቹ ራሱ በፈቀደው ሰዓት ብቻ እንዲነፋ፣ ባይቻል እንዲቀር ለመንኩ። መልሳችሁን ቃል በቃል እነሆ፦ «ውድ ተጫዋችን፣ ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን። መለከታችንን በመውደድዎ ደስ ብሎናል። ማንም ተጫዋች ጥሪው እንዳያመልጠው፣ በቅርቡ መለከቱ የስልክዎ ድምፅ ቢዘጋም እንኳ የሚደርስዎ ይሆናል።»

ቃላችሁን ጠበቃችሁ። በዘመናችን ቃሉን የሚጠብቅ ድርጅት ብርቅ ነው፤ ምስጋናዬን ይቀበሉ።

የሆነው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀኑም ጥርት ያለ ነበር። ወንድሜ ለጠረጴዛ የሚሆን ወፍራም ጣውላ መጋዙ ላይ እየገፋ፣ ጋሼ ሚሊሜትር በወዲያኛው ጫፍ ሆነው እየተቀበሉት ነበር። እኔ በሩ አጠገብ የወንበር እግር እቀባለሁ። የስልኩ ድምፅ እንደተለመደው ጠዋት በፊታቸው ተዘግቷል። ጣውላው መሃል ላይ ሲደርስ ትንሽ ተጣመመ፤ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ባለመጋዙ አይቶ መግፋቱን ያቆማል፣ ያዡ ያቃናዋል። ጋሼ ሊያቃኑት እጃቸውን ሰደዱ። በዚያው ቅጽበት በተዘጋ ስልክ ላይ መለከቱ ተነፋ። ወንድሜ ስልኩን አልነካም፣ ወደ ኪሱም አልሄደም። ዓይኑ ብቻ ወደ ደረቱ ወረደ። እጆቹ ግን መግፋታቸውን አላቆሙም።

ጋሼ አልጮኹም። ወደ ኋላ ሄደው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አሉ፣ እጃቸውንም የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚመረምር ሰው ያዩት ጀመር። ባለመላጊያው ሮጦ ማብሪያ ማጥፊያውን መታው። እኔ ያልተነካ የቫርኒሽ ጨርቅ አንሥቼ እጃቸውን ጠቀለልኩት። ወንድሜ ከፊታቸው ተንበርክኮ ክንዳቸውን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ፤ ደሙ እንዲቆም እኔው ነኝ እንደዚያ ያዝ ያልኩት። መጋዙ እየቀዘቀዘ ዞሮ ዞሮ ቆመ። መለከቱ ግን አልቆመም።

ይህንን ምናልባት እርስዎ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ስትመክሩ አስባችሁበት ይሆናል፤ መለከታችሁ መልስ እስኪያገኝ አይቆምም። ወንድሜ ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። እኔም የጋሼን እጅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። የሁለታችንም ፊት ከጋሼ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም፣ ከወንድሜ ደረት ውስጥ ደግሞ ያ ነገር እየተነፋ ነው። ጋሼ ደረቱን እያዩ «ማን ነው የሚጠራህ? መልስለት እንጂ» አሉት። ክፋት የለባቸውም፤ ሰው አስፈልጎት የደወለ መስሏቸው ነው።  መኪና መጥቶ እስክንጭናቸው፣ ተጭነውም መንገድ እስክንወጣ ሲነፋ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔም ምን እንደሆነ ገባኝ። ከመንደራችን አንድ ሰው ተነሥቶ ሄዷል።

ጋሼ ሦስት ጣት አጡ፤ የቀኝ እጃቸውን። የእርሳስና የሜትር እጃቸውን ማለት ነው።

ወንድሜ ሐኪም ቤት ሄዶ ሊጠይቃቸው ሲፈራ ቆይቶ፣ እኔ በግድ ይዤው ሄድኩ። አልጋቸው መስኮት ሥር ነው። አንገቱን ደፍቶ እግራቸው ሥር ቆመ። ጋሼ ምን ሰምቶ እንደዘነጋ በእውነት እንዲነግራቸው ጠየቁት። የሆነውን ነገራቸው። ስለ ድምፁ መዘጋት ሳይሆን፣ ስለ መንደሩና ስለሚሄዱት ሰዎች ነገራቸው። እርሳቸው በጥሞና አዳመጡት። ሲጨርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ፤ ፀሐይ ነበር፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ይታያል።

«ታዲያ ጉሙ የት አለ?» አሉት።

ስድብ አልነበረም። በእርግጥ ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁት።  ወንድሜ ሲወጣ የክፍሉን በር እጀታ ማግኘት አቅቶት ግድግዳውን ሲዳብስ አየሁት።

አራተኛ የሚል ቁጥር ጽፌ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩበትም፣ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ወንድሜ ሥራ መምጣት አቆመ። ሌላ ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ጨዋታውን የሚጠላ ይመስልዎት ይሆናል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ቀረ። አጥሩን ያጠናክራል፣ ችቦ ይለኩሳል፣ ዘብ ይቆማል። ሚስቱ ሰሐን አምጥታ ጉልበቱ ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ቀዝቅዞ ታነሣዋለች። በመጨረሻ ሥራ ቤት ድረስ መጣችና የቱታዬን እጅጌ ይዛ፣ ባሏ ቤት ውስጥ እያለ ባል እንደሌላት ነገረችኝ። ቀለሙ እንደነካት እንኳ አላየችም።

ያኔውኑ አብሬያት ሄድኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ከፈትኩት። አጠገቡ ተቀምጬ ይበቃሃል አልኩት። ዓይኑን ሳያዞር፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ «እዚህ የማድነው ሰው የለም። እዚያ ግን አሉ» አለኝ።

 ብዙ ቃል አሰብኩ፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ጋሼ። ሁሉንም ያውቀዋል። በዚያ መሃል መለከቱ ተነፋ፤ ከቴሌቪዥኑም ከስልኩም እኩል። ጆይስቲኩን ከእጁ ወሰድኩና መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ልጅ ሳለን መንገድ ስናቋርጥ እንደምይዘው አድርጌ ነው የያዝኩት። ታግሎ ሊያስለቅቀኝ ይችል ነበር፤ ከእኔ የበለጠ ጉልበት አለው። አልታገለም።

ጉሙ ገባ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ሳልናገር ባልፍ ጨዋታዎን በድያለሁ፦ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ካየሁት ሁሉ እጅግ ያማረው እሱ ነው። ወንዙን ተከትሎ ወረደ፣ ድልድዩን ሸፈነ፣ በአጥሩ እንጨቶች መካከል እንደ ወተት ሾለከ። ሰዎቻችን ከየቤታቸው ወጡ። ጀልባ ቀዛፊው፣ ንብ የምታረባዋ፣ ሁልጊዜ የሚጨቃጨቁት ባልና ሚስት። አንድ በአንድ በበሩ ወጥተው፣ እየዞሩ ስማችንን እየጠሩ ሄዱ።  እኔ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። ሚስቱ በሩ ላይ ልጇን አቅፋ ቆማ፣ የሷ ያልሆነ ሐዘን ላይ እንደደረሰ ሰው ታየን ነበር። መጨረሻ ላይ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ብርሃን ክፍሉን በሙሉ ነጭ አደረገው።

እኛም እንደዚያ በተቀመጥንበት፣ በነጩ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «መንደርዎን መልሰው ለማቋቋም ሦስት ወዳጆችዎን ይጋብዙ።»

ወንድሜ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ ነበር ብዬ አልዋሽዎትም፤ ነገር ግን ከአደጋው ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው የራሱ ድምፅ ነበር። ጨዋታውን ከቴሌቪዥኑም ከስልኩም አጠፋው። ሲያጠፋውም ጨዋታው እርግጠኛ መሆኑን እየደጋገመ ጠየቀው፤ በመጨረሻውም ጥያቄ ላይ የፋኖስ አብሪዋን ሥዕል አቅርቦ ነበር። ጣቱ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጨረሰው።

አሁን ወደ ሥራ ተመልሷል። መጋዙ አጠገብ አይደርስም፤ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ እኔ ጎን ሆኖ ይፍቃል። ጋሼ ሚሊሜትር በግራ እጃቸው መስመር ማስመር እየተለማመዱ ነው፤ ሲሳሳቱ እንደ ድሮው ይነጫነጫሉ፣ አሁን ግን የሚነጫነጩት በራሳቸው ላይ ነው። ወንድሜ ሜትሩን ጫፉን ይዞላቸው ይቆማል። ስለ ነገሩ አይነጋገሩም። መንገድ ላይ ግን የአውቶቡስ ጡሩምባ በሰማ ቁጥር የወንድሜ ትከሻ አሁንም ይዞራል። ባለመላጊያው ጨዋታውን አልተወም፤ ስልኩን ውጭ ጥሎ ይገባል፣ ነገር ግን በየመሃሉ ማሽኑን አቁሞ ወደ በሩ ሲያዳምጥ አያለሁ። አንዳንዴ እኔም አብሬው አዳምጣለሁ።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው። መለከታችሁን እንድታጠፉት አልለምንም፤ ስለምን ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ባይሆን በሚቀጥለው ጊዜ ስታሻሽሉት፣ ከጨዋታው ሠሪዎች አንዱን ወደ እኛ ሥራ ቤት ላኩልንና ጣውላ ይያዝልን፤ ሌላው ይግፋ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ድምፁን ዘግታችሁ ኑ። እኛ የመከላከያ መነጽር እናቀርባለን። ማጠፊያውንም በዚያው አጋጣሚ እናሳያችኋለን።

ለሰጡኝ ወንድም፣ ሰጥተው ሊወስዱብኝም ለሞከሩት፣ ለወንዙ፣ ለዝናቡ ድምፅ፣ ለእንጨቱ ጅማት ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ድርጅትዎ የሚጠራው ሰው እንዳያጣ፣ እርስዎ ግን ማንም በማይጠራዎት ጸጥታ ውስጥ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣

በዚያ አገር ቅጠል ለቃሚ የነበርኩ፣
በዚህ አገር ቫርኒሽ ቀቢ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጋሼ ሚሊሜትር መነጽራቸውን ረስተው ስልካቸው ላይ የደረሰ መልእክት እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ጨዋታዎ ወንድሜ ሲጀምር በፈቀደላችሁ መሠረት ከስልኩ ውስጥ የወዳጆቹን ቁጥሮች ወስዶ ኖሯል። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ወዳጅዎ መንደሩን ጥሎ ሄዷል፤ ጉሙም እየመጣ ነው። እጅዎ ያስፈልገናል።» ጋሼ ምን ይላል ሲሉኝ የስህተት መልእክት ነው አልኳቸው። እርስዎ ግን ለሚመለከተው ክፍል ይንገሩልኝ፦ ዘግይታችኋል፣ እጃቸውን ወስዳችኋል።